ቀጠሮና ቃሬዛ

አዲስ አበባ ደርሶ የተመለሰ ሰው ወሬ አያጣም። አንዱ የፎቁን ቁመት ሊያስረዳችሁ አንገቱን እስኪያመው ወደ ሰማይ ያንጋጥጣል፤ ሌላው መንገድ ሲሻገር መኪና እንዴት ለጥቂት እንደሳተው ይተርካል፤ መኪናዋም ወሬው በተደገመ ቁጥር ፍጥነት ትጨምራለች። ከተማ ያስተምራል ይባላል፤ እኔም አምናለሁ። ግን ልብ ብላችሁ እንደሆነ፣ ባላገር በአገሩ ሳለ ሳያስበው የሚያደርገውን ነገር ከተማ ገብቶ ሲያደርገው ሰው ሁሉ ቆሞ ያየዋል። ያኔ ነው እሱም መጀመሪያ ራሱን የሚያየው።

ይህን ያስተማሩኝ አጎቴ አያ ስንሻው ናቸው። ነገሩ በጃንሆይ ጊዜ ነው። አያ ስንሻው ማንኩሳ አጠገብ መልካም ጨፌ ነበራቸው፤ በጋ ከክረምት ሣር የማይታጣበት፣ ከብት ከገባበት መውጣት የሚጠላው ዓይነት። ይህን ጨፌ የቡሬው አያ ገሠሠ «የቅድመ አያቴ ርስት ነው፣ እኔም ከዘሩ ስለምቆጠር ድርሻዬን ያካፍለኝ» ብለው ከሰሱ። የአጎቴ መልስ አጭር ነበር፤ «ዘመዴ አይደለም።» ነገሩ ሁሉ የተንጠለጠለው እዚህች ላይ ነው። ዘመድ ከሆኑ ጨፌው ይካፈላል፤ ካልሆኑ አያ ገሠሠ ባዶ እጃቸውን ይገባሉ። በሚስትና በርስት ቀልድ የለምና ፍኖተ ሰላም ተከራከሩ፣ ደብረ ማርቆስ ተከራከሩ፤ ዘር ቆጣሪ ሽማግሌዎች ለምስክርነት እየቀረቡ በሰው ነገር እርስ በርሳቸው ተጣሉ። በሁለቱም ቦታ አጎቴ ረቱ። አያ ገሠሠ ግን ይግባኝ ብለው አዲስ አበባ አደረሷቸው።

እኔ ፊደል የቆጠርሁ ነኝ ተብዬ አጎቴን እንድከተል ተደረገ። የላኩኝ የአጎቴ ሚስት እትዬ ጥሩወርቅ ናቸው። ከቀጠሮ የቀረ ይፈረድበታል ሲባል ሰምተው ስለነበር፣ ሰውየውን በሰዓቱ ችሎት ፊት እንዳቆምላቸው አደራ አሉኝ። እንግዲህ አስቡት፣ የሄድነው ከአያ ገሠሠ ጋር በአንድ አውቶቡስ ነው። አጎቴ ከፊት ተቀመጡ፣ እሳቸው ከኋላ። ዓባይ በረሃ ላይ አውቶቡሱ ግሎ ሲቆም ሁላችንም ጥላ ፍለጋ ወረድን። ዛፉ አንድ ብቻ ነበር፤ አያ ገሠሠ ቀድመው ተጠለሉበት። አጎቴ ፀሐይ ላይ ቆሙ።

የቀጠሮው ዕለት ጧት ወደ ፍርድ ቤት ስንገሰግስ ከፊታችን ቃሬዛ መጣ። ጥቂት ሰው፣ ጥላ የያዙ ሴቶች፣ ከኋላቸው መንገድ ተዘጋብኝ ብሎ ክላክሱን የሚያስጮህ መኪና። የኛን አገር ወግ መቼም ታውቃላችሁ። መንገድ ላይ ሬሳ ያገኘ ሰው፣ ለሠርግም ይሂድ ለገበያ፣ ፊቱን አዙሮ ይከተላል፤ ጉልበት ያለው ትከሻውን ይሰጣል። ሟቹ ማን ነው ብሎ መምረጥ ነውር ነው። የከተማው ሰው ግራና ቀኙን እየታከከ ያልፋል። አጎቴ ግን ቀጥ ብለው ቆሙና ጋቢያቸውን አደገደጉ። እኔም ቀጠሮውን አስታወስኋቸው፤ ጨፌውን አስታወስኋቸው፤ እትዬ ጥሩወርቅንም አስታወስኋቸው።

«ልጄ፣ ሬሳ አልፎ የሄደ ሰው ምን ፊት ይዞ ዳኛ ፊት ይቆማል?» አሉኝና ገብተው ተሸከሙ።

ጭንቅ ያዘኝ። ጨፌው ዓይኔ እያየ ሊሄድ ነው። አያ ገሠሠ ይኼኔ ችሎት ደጃፍ ላይ ጉሮሯቸውን እየጠረጉ ይሆናል ብዬ በልቤ እየረገምኋቸው ቀና ስል፣ ከቃሬዛው ማዶ፣ ከአጎቴ ትይዩ፣ ማን ተሸክሞ ቢገኝ ጥሩ ነው? ራሳቸው አያ ገሠሠ! ተያዩ። የሸክም ነገር ሆነና እርምጃቸውን እኩል ማድረግ ግድ ሆነባቸው።

ቀብሩ ላይ የከተማው ሰው በመሐረብ ዓይኑን እያበሰ ዝም ብሎ ቆመ። የኛዎቹ ግን አለቀሱ። ደረታቸውን እየመቱ፣ አንዱ ሲደክመው ሌላው እየተቀበለ አለቀሱ። ከዚያም ድንኳን ገባን፤ ንፍሮ ሳይቀምሱ መሄድ ሌላ ነውር ነውና። እዚያ ሹክሹክታ ተጀመረ። የሟቹ ልጆች ሁለቱን ባላገሮች እያፈራረቁ ያያሉ። ለካ ውርስ ፈልገው የመጡ የሩቅ ዘመዶች መስለዋቸው ኖሯል። ታላቅየው፣ ክራባት ያሰረ ጨዋ ሰው፣ መጥቶ አጎቴ አጠገብ ተቀመጠ።

«አባታችንን በምን ያውቋቸዋል?»

«አላውቃቸውም» አሉ አጎቴ።

«ታዲያ እንዲያ የሚያለቅሱት ለምንድን ነው?»

«ሞተዋል አላላችሁም እንዴ?»

ሰውየው ግራ ገባው። አያ ገሠሠን በዓይኑ እያመለከተ፣ «እኒህስ ምንዎ ናቸው?» አለ።

አያ ገሠሠ ማላመጥ አቆሙ። አጎቴ በየችሎቱ እጃቸውን አንሥተው የመለሱት ጥያቄ ነበር፤ መልሱ ይጠፋቸዋል ብዬ አልሰጋሁም። እሳቸው ግን ጭብጣቸው ላይ ያለውን ንፍሮ እያዩ ቆዩ። እስቲ እናንተ ብትሆኑስ? አብሯችሁ ሬሳ የተሸከመን፣ እንባችሁን ተቀብሎ ያለቀሰን ሰው በሐዘንተኛ ፊት ባዕድ ነው ትላላችሁ?

«ዘመዴ ነው» አሉ።

ፍርድ ቤት ስንደርስ ችሎቱ ተነሥቷል። ይግባኝ ባዩም መልስ ሰጪውም ስላልቀረቡ መዝገቡ ተዘግቷል ተባልን፤ ጨፌው እንደነበረው በአጎቴ እጅ ቀረ ማለት ነው። እኔ ደስታዬን መደበቅ አቃተኝ። ያለ ክርክር መርታት ከየት ይገኛል?

ስንመለስ አያ ገሠሠ ከአጎቴ አጠገብ ተቀመጡ። የከለከላቸው የለም። ዓባይን ተሻግረን ደጀን ስንደርስ ወደ አጎቴ ዞር አሉና፣

«ስንሻው፣ እድንኳኑ ያልኸው ነገር፣ ሰውየው እንዲተወን ብለህ ነው ወይስ ከልብህ?» አሉ።

አጎቴ በመስኮት ወደ ውጭ ያያሉ። እኔ የማውቀውን ጸሎት ሁሉ አደርሳለሁ። «እንዲተወን ብዬ ነው» ካሉ ነገሩ አለቀ፤ አያ ገሠሠም የሚጨምሩት ቃል እንደሌላቸው ፊታቸው ይናገራል።

«ሐዘን ቤት ገብቶ ይዋሻል እንዴ?» አሉ አጎቴ።

ጨፌው በሽማግሌ ለሁለት ተካፈለ። ድንበሩ ሲተከል እትዬ ጥሩወርቅ ከደጅ ሆነው ያዩ ነበር። በኋላ ወደኔ ዞሩና፣

«ሰው አዲስ አበባን ያህል ከተማ ሄዶ፣ ትንሽ ውሸት እንኳ ሳይማር ይመለሳል?» አሉኝ።