የሸዋ ሮቢት ባሕር ኃይል

ታላላቅ መንግሥታት ባሕር ኃይል ለማቋቋም ሲነሡ መጀመሪያ ባሕር ይፈልጋሉ። ይህ የድሃ አስተሳሰብ ነው። በጣሊያን ጊዜ ሸዋ ሮቢት ላይ የተቋቋመው ባሕር ኃይል እንዲህ ባለ ጥቃቅን ጉዳይ አልተጨነቀም። ጀልባ ነበረው፤ መልሕቅ ነበረው፤ ማኅተምና አስተርጓሚ ነበረው፤ ዐሥራ ሁለት ባሕረኞችም ነበሩት። የጎደለው ውሃ ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን ክረምት ክረምት ብቅ ይል ነበር።

ጀልባዋን በ፲፱፻፴ ዓመተ ምሕረት ጥቅምት ላይ ከአሰብ በካሚዮን አስጭኖ ያመጣት፣ ከተማውን እንዲገዛ የተሾመው ካፒታኖ ነው። ሰውየው ከመምጣቱ በፊት ካርታ አይቶ ነበር። በካርታው ላይ የሮቢ ወንዝ በሰማያዊ ቀለም ወፈር ብሎ ተስሏል። ካርታውን የሠራው መንግሥት ነው፤ መንግሥት ደግሞ አይሳሳትም። ስለዚህ ካፒታኖው ወንዙ ዳር ደርሶ አህዮች ደረቁ አሸዋ ላይ ሲንከባለሉ ባየ ጊዜ የተቆጣው በካርታው አይደለም፤ በአህዮቹ ነው። ጀልባዋም ከወንዙ ዳር ባለው የሮቃ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀመጠች። ካፒታኖው ከአባቱ የወረሳት አሮጌ ባለሸራ ጀልባ ነበረች። ሆዷ ደህና ነው፤ ዙሪያዋን የከበበው የጠርዝ እንጨት ግን ፀሐይና ጨው በልቶት ዐመድ መስሏል፤ የድሮው ቫርኒሽም እንደ ቁስል ቅርፊት ይነሣ ነበር።

አናጢው ጋሼ ነጅሙዲን ተጠራ። ነጅሙዲን ዕድሜውን ሁሉ ሞፈርና ቀንበር ሲጠርብ፣ አልጋ ሲያቆም የኖረ ሰው ነው፤ የመስጊዱም በር የእሱ ሥራ ነው። ጀልባ አይቶ ባያውቅም እንጨት ያውቃል። ጠርዙን በጥፍሩ ፋቅ አድርጎ አሸተተውና ዐይኑ በራ። የህንድ እንጨት ነው፤ ቲክ የሚሉት። አያቱ ከታጁራ በግመል ያስመጡት ሣጥን የተሠራው በዚሁ ነበር። ከዐመዱ በታች ማር የመሰለ ቀለም እንዳለ ወዲያው ገባው፤ እጁንም በላው።

አስተርጓሚው አቶ ይሁኔ ጉሮሮውን ጠርጎ ዐዋጅ አነበበ። ይሁኔ ባሕር ያየው በብርጭቆ ውስጥ ነው፤ ቢሆንም ከዚያ ቀን ጀምሮ የባሕር ጉዳይ ዋና ጸሐፊ ሆኖ ነበር።

«ዐሥራ ሁለት ሰዎች የባሕር ሠራተኞች ተብለው ይመዘገባሉ» አለ። «የጠርዙ እንጨት እድሳት እስኪጠናቀቅ ድረስ በማናቸውም የየብስ ሥራ አይገደዱም።»

የየብስ ሥራ ማለት ምን እንደሆነ ለማንም ማስተርጎም አላስፈለገም። ጣርማበር ላይ ለመንገድ ሥራ ድንጋይ መፍለጥ ማለት ነው። ባለፈው ዓመት ከሰፈሩ ስምንት ሰዎች ተወስደው ሦስቱ ተመልሰዋል፤ የቆላ ሰው ያንን ብርድ አይችለውም። የዘንድሮው መዝገብ ላይ የመጀመሪያው ስም ደግሞ የነጅሙዲን አንድያ ልጅ ቃሲም ነበር፤ ካገባ ሦስት ወሩ ነው። ነጅሙዲን ራሱንና ቃሲምን ከዐሥራ ሁለቱ መሐል አስመዘገበ። ካፒታኖው ሥራው ስንት ቀን እንደሚፈጅ አስጠየቀው። ዐሥራ አምስት ቀን እንደሚበቃው ነጅሙዲን ያውቃል።

«ወላሂ ጌታዬ፣ እንዲህ ያለ እንጨት አይቸኮልበትም» አለ።

ካፒታኖው ይህ ሲተረጎምለት ዐይኑ እንባ አቀረረ። በዚህ አገር ባሕር የሚገባው ሰው አገኘሁ አለ።

የሥራው ደንብ ከካፒታኖው መጽሐፍ ተቀድቶ በይሁኔ ማኅተም ጸና። አሮጌው ቫርኒሽ በጠርሙስ ስባሪ ይፋቃል፤ እንጨቱ በእርጥብ አሸዋ ይታሻል፤ ከዚያ ከደጋ በአህያ የሚመጣ የተልባ ዘይት ሰባት ጊዜ ይቀባል። ቅዳሜ ቅዳሜ ካፒታኖው ነጭ ጓንት አጥልቆ ጠርዙን ዙሪያውን ይዳብሳል። አንዲት ጭረት ከተገኘች ሥራው ከሀ ይጀመራል። ነጅሙዲን ይህን ሰምቶ አላህን አመሰገነ፤ አንዲት ጭረት ማለት ሌላ ዐሥራ አምስት ቀን ነውና። ያላሰበው አንድ ነገር ብቻ ነበር። በዐሥራ አራተኛው ቀን እንጨቱ እንደ አዲስ ማር በራ፤ ነጅሙዲንም ዐርብ ከሰዓት ጠርሙሱን እንደያዘ ቆሞ ቀረ። ሚስቱ እትዬ ሙሀባ ምሳ ይዛለት መጥታ አየችው።

«አንቱ፣ ልጄን ሊያስገድሉት ነው?» አለችው።

«እጄ እምቢ አለኝ» አላት። «አርባ ዓመት ሙሉ እንጨት አበላሽቼ አላውቅም። ልጭረው ብል እጄ እምቢ አለኝ።»

«የእርስዎ እጅ እምቢ ካለ የፍየሌ አፍ እምቢ አይልም።»

ሙሀባ አንድ ቀንዷ የተሰበረ ፍየል ነበረቻት። ተልባ የጠጣ እንጨት ለፍየል ምን እንደሆነ ለመረዳት ፍየል መሆን ያስፈልጋል። ነጅሙዲን የጥርሷን ድምፅ ላለመስማት ወደ ወንዙ ዞሮ ጮክ ብሎ በነቢዩ ላይ ሰለዋት ያወርድ ጀመር።

በማግስቱ ይሁኔ ለበላይ መሥሪያ ቤት ጻፈ፦ «ማንነቱ በመጣራት ላይ ያለ ባለ አንድ ቀንድ ኃይል በባሕር ኃይሉ ንብረት ላይ ድንገተኛ ጥቃት አድርሷል። ባሕረኞቻችን ተረጋግተው ሥራቸውን ቀጥለዋል።» ፍየሏ በሦስተኛው ጥቃት እጅ ከፍንጅ ተያዘች። ካፒታኖው ሕግ አዋቂ ስለሆነ ያለ ፍርድ አላሳረዳትም፤ ችሎት ተሰየመ፤ የጥርሷ ልክ ተወሰደ፤ ወደ ጀውሃም ተጋዘች። ጀውሃ የሙሀባ እኅት የምትኖርበት መንደር ነው። ፍየሏ በዘጠኝ ቀን በእግሯ ተመለሰች። ከዚያ በኋላ ዘብ ቢቆምባትም ዘቡ ከዐሥራ ሁለቱ ባሕረኞች አንዱ ስለነበር ሲያያት በአክብሮት መንገድ ይለቅላት ነበር።

ሥራው በዚህ ሁኔታ ሦስት ዓመት ተኩል ሠመረ። የበላይ መሥሪያ ቤቱ በሪፖርቱ ተደስቶ የወደቡ ጥልቀት ስንት እንደሆነ ጠየቀ። ይሁኔ ወንዙ መሐል ገብቶ ዱላውን ቢተክል ዱላው አልሰጠመም። «ጥልቀቱ በዱላ ተሞክሮ መጨረሻው ሊደረስበት አልተቻለም» ብሎ ጻፈ። መልሱ ትልቅ የብረት መልሕቅ ሆኖ በካሚዮን መጣ፤ የገበያ ቀን ግመል ይታሰርበት ጀመር። በየክረምቱ ሮቢ ከዳር እስከ ዳር ሞልቶ ግንድ እያንከባለለ ሲመጣ ደግሞ ባሕር ኃይሉ ሁሉ ይሸበራል። ዘይቱ ሳይደርቅ ውሃ እንዳይነካት ተብሎ ዐሥራ ሁለቱ ባሕረኞች ጀልባዋን ተሸክመው ኮረብታ ላይ ያወጧታል። ውሃው ደርቆ አሸዋው ሲመለስ በሰላም ወደ ወደቧ ትወርዳለች።

መፋቁና መታኘኩ ሲበዛ የጠርዙ እንጨት ቀጥኖ ጣት አከለ። ካፒታኖው ይህንንም አይቶ ክብደቷ ስለቀለለ ፍጥነቷ እንደሚጨምር አስጻፈ። በነዚያ ዓመታት ቃሲም ሁለት ልጆች ወለደ። ነጅሙዲን የልጅ ልጆቹን ታቅፎ ሲስቅ ይውልና ዐርብ ሲመጣ ፊቱ ይጠቁራል፤ ፍየሏ ከመጣች በኋላ ራት አይበላም።

በ፲፱፻፴፫ ሚያዝያ ላይ ጣሊያን በአንድ ቀን ተነቅሎ ሄደ። ካፒታኖው ካሚዮኑ ላይ ሲወጣ ያዘዘው ስለ መድፍ ወይም ስለ ጥይት አልነበረም፤ ሁለተኛው ቅባት በደንብ ይድረቅ ብሎ ነበር የሄደው። ዐሥራ አንዱ ባሕረኞች በዚያው ቀን ወደ ማሽላቸው ተመለሱ። ነጅሙዲን ግን አልተመለሰም። የሚያስገድደው ሰው ሳይኖር፣ የሚደበቀው ነገር ሳይኖር፣ ዐሥራ አምስት ቀን ሙሉ ሮቃው ሥር ዋለ። ፍየሏን ቤቱ ጓሮ በሁለት ገመድ አሰራት። የቀረችውን ቀጭን እንጨት ፋቃት፣ አሻት፣ ሰባት ጊዜ ቀባት። ሰባተኛው ሲደርቅ ጠርዙ ከዳር እስከ ዳር አበራ፤ የሮቃው ቅጠል እንኳ አንድ በአንድ ይታይበት ነበር። ነጅሙዲን በዕድሜው እንደዚያ ቀን ደስ ብሎት አያውቅም።

በማግስቱ አዲሱ ሹም ግራዝማች ተክሌ አጀብ አስከትለው ገቡ። ሕዝቡ ከሮቃው ሥር ተሰበሰበ። ከጎናቸው ጎፈሬውን አበጥሮ፣ ዝናር ታጥቆ የቆመው ሰው ለጊዜው ማን እንደሆነ አልታወቀም፤ አፉን ሲከፍት ግን ይሁኔ ሆነ። ጎፈሬው የሁለት ሳምንት ነው። ጠላት በግፍ የያዘው ባሕር ኃይላችን ዛሬ ወደ እናት አገሩ ተመለሰ ብሎ ረጅም ንግግር አደረገ፤ ግራዝማችም ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ይሁኔ ወረቀት አውጥቶ ማንበብ ጀመረ። ጠላት ሲሸሽ ያፈረሰው መንገድ ስለሚጠገን ለጣርማበር ድንጋይ ፈላጮች ይላካሉ። ወረቀቱ አዲስ ነው፤ መዝገቡ ግን ያው የድሮው ነው፤ የመጀመሪያውም ስም ቃሲም ነጅሙዲን ነበር። ሙሀባ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች።

«ባሕረኞች ግን» ብሎ ይሁኔ ቀጠለ፣ «እድሳቱ እስኪጠናቀቅ ድረስ በማናቸውም የየብስ ሥራ አይገደዱም።»

ግራዝማች ወደ ጀልባዋ ቀረቡ። ጠርዙ ላይ ጎንበስ ሲሉ ጢማቸው፣ ባርኔጣቸው፣ የዐይናቸው ሽፋሽፍት ሳይቀር ቁልጭ ብሎ ታየ።

«ታዲያ ይህች አልቃለች እኮ» አሉ። «ምኗ ቀረ?»

ነጅሙዲን ልጁን አየ፤ ቀጥሎ እንጨቱን አየ።

«ፊትዎ ታየ እንዴ ጌታዬ?» አለ።

«ቁልጭ ብሎ!»

«እሱ ነው ጉድለቱ» አለ ነጅሙዲን። «ዘይቱ እንጨቱ ውስጥ ሳይገባ ላይ ላዩን ቀርቷል ማለት ነው።» ከኪሱ የጠርሙስ ስባሪውን አውጥቶ፣ አርባ ዓመት እምቢ ባለው እጁ፣ ከግራዝማች ግንባር ላይ ጀምሮ እስከ ጀልባዋ ጫፍ ድረስ ጠርዙን ጭርር አድርጎ ሰነጠረው።

ግራዝማች በአድናቆት ራሳቸውን ነቀነቁ። ሙያ ያለው ሰው ማለት እንዲህ ነው፤ ለመንግሥት ሥራ አይቸኩልም አሉ። ይሁኔም እዚያው ላይ፣ ብዕሩን እንኳ ሳይቀይር፣ ባሕረኞቻችን ተረጋግተው ሥራቸውን ቀጥለዋል ብሎ ጻፈ።

ሙሀባ ከሕዝቡ መሐል ቀስ ብላ ወጥታ ፍየሏን ልትፈታ ሄደች።