የእትዬ ብርቄ ነጥብ

ስለ ሥዕል የማውቀው በምስማር እንደሚሰቀል ብቻ ነበር። ይህችኑ እውቀቴንም ዘሪሁን አበላሸብኝ።

በጃንሆይ ጊዜ ነው። ሰባተኛ በሚባለው ሰፈር ጨርቅ እሸጥ ነበር። ከሱቄ ጀርባ ያለችውን ክፍል የተከራየው ዘሪሁን፣ አውሮፓ ሥዕል ተምሮ የመጣ፣ ማበጠሪያውን ግን እዚያው የረሳ ሰው ነው።

ጎረቤታችን እትዬ ብርቄ ቅቤ ነጋዴ ናቸው። ደግ፣ ግዙፍ፣ ድምፃቸው አውቶቡስ ተራ ድረስ የሚሰማ። የማኅበር ተራቸው ሲደርስ ስቅለትን እንዲሥልላቸው ዘሪሁንን ለመኑት። «እኔንም ከሥር ተንበርክኬ ሣለኝ፤ እንደ ቤተ ክርስቲያኑ» አሉት። እሺ አለ። እሺ ማለት ምን ይከብዳል?

የማኅበሩ ዕለት ቤቱ ጢም ብሎ ሞልቶ፣ ሥዕሉ ተገለጠ። መስቀሉ አየር ላይ ተንሳፍፏል። ጌታችን የሚታየው ከላይ ወደ ታች ነው፤ ፊቱ የለም፣ ራሱና ትከሻው ብቻ። ከጎኑ ደግሞ ቤት የሚያህል እንቁላል ያለ ገመድ ተንጠልጥሏል።

«ኧረ በጾም ምድር!» አለ አንዱ።

የእትዬ ብርቄ ንስሐ አባት መምሬ ደስታ ሳቁ። «ጉልላት ላይ ያለውን የሰጎን እንቁላል አይታችሁ አታውቁም? ሰጎን ዓይኗን ከእንቁላሏ አትነቅልም። እግዚአብሔርም ከእኛ።»

እኔ እስከዚያ ቀን አምፖል ይመስለኝ ነበር።

«እኔስ የታለሁ?» አሉ እትዬ ብርቄ።

ዘሪሁን ወደ ታች፣ በጣም ወደ ታች ጠቆመ። «ያቺ ነጭ ነጥብ ነዎት።»

«ነጥብ?»

«ከሰማይ ሲታይ እኮ ነው፣ እትዬ። የራቀ ያንሳል።»

«የእኔ መቀነት ብቻውን ከዚህ ይበልጣል!» አሉ። ያን ሁሉ ሰው የጠሩት ልታይ ብለው ነበርና ዓይናቸው እንባ አቀረረ። አሳዘኑን። ሥዕሉን ልናወርደው ተነሣን።

«ልጄ ብርቄ» አሉ መምሬ፣ «ከዚያ ላይ ሲታይ ንጉሥም ነጥብ ነው።»

ሁላችንም ቶሎ ወደ በሩ ዞር ብለን አየን። ደግነቱ የሰማ የውጭ ሰው የለም።

እትዬ ብርቄ እንባቸውን ጠረጉ። ቀርበው ሥዕሉን ተሳለሙ። ትሕትናቸው ሆዳችንን አባባው። ከዚያ ዘሪሁንን ወደ ጥግ ስበው፣ በሹክሹክታ፣ ማለትም ቤቱ ሁሉ እየሰማ፣ «ገብቶኛል። ግን ነጥቧን ትንሽ ወፈር አድርጋት» አሉት።

አደረጋት። ይህን ያየ ማኅበርተኛ ሁሉ እኔንም፣ እኔንም አለ። እኔ አከራዩ ነኝና ጥሩ ቦታ ደረሰኝ። በሳምንቱ ሥዕሉ ኩፍኝ የወጣበት መሰለ።

መምሬስ? የሁላችን ነጥብ ቢደመር የሳቸውን አያህልም። ለምን ሲባሉ፣ «ጥምጥሙ ነው» ይላሉ።