ድስቶቹን አጥቦ ወደ ቤቱ ሄደ

(የአንድ ሆቴል ወጥ ቤት፣ ከምሳ በኋላ። ሕዝቡ በልቶ ሄዷል፤ የተበላበት ድስት ግን ተቆልሎ ቀርቷል። «ዱልዱም» የሚሉት ድስት አጣቢ ሽርጡን ታጥቆ ቆሟል። «ሊቁ» የሚባለው አስተናጋጅ ተራው አብቅቶ፣ ነጭ ሸሚዙን እንደለበሰ ወንበር ላይ ተንሰራፍቷል። ከመንገድ ዳር የገዛትን ቀጭን የእንግሊዝኛ መማሪያ እንደ መስተዋት ፊቱ ላይ ደቅኗል።)

ሊቁ፦ አላጥብም አልኩህ፣ አላጥብም። አስተናጋጅ ድስት ሲያጥብ የት አይተሃል?

ዱልዱም፦ የትም። ግን ወንድሜ፣ ልጄ ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ትምህርት ቤት ቴአትር ትጫወታለች። አለቃችን ደግሞ ድስቱና ወለሉ ሳይጸዳ ንቅንቅ የለም ብላለች። ብታግዘኝ እደርስ ነበር።

ሊቁ፦ አንተን እዚህ ያሰረህ ድስት መሰለህ? አላዋቂነት ነው። መጀመሪያ የአላዋቂነትን ቀንበር ከጫንቃህ አውርድ።

ዱልዱም፦ ድስቱን ካወረድኩ በኋላ።

ሊቁ፦ «ካወረድኩ በኋላ» ይላል እንግዲህ። የሠለጠነ ሰው እንዲህ አይንዛዛም። «ሃቪንግ» ትላለህ፣ የግሡን ሦስተኛ መልክ ታስከትላለህ፣ አለቀ። «ሃቪንግ ዋሽድ ዘ ፖትስ፣ ሂ ዌንት ሆም።» ድስቶቹን አጥቦ ወደ ቤቱ ሄደ። የፊተኛው ሥራ ሲያልቅ የኋለኛው ይከተላል።

ዱልዱም፦ (ክምሩን ገልመጥ አድርጎ) ማነው ያጠባቸው?

ሊቁ፦ ሰውየው ነዋ።

ዱልዱም፦ የትኛው ሰውዬ? ይኸው እንደቆሸሹ ናቸው።

ሊቁ፦ ምሳሌ ነው እኮ።

ዱልዱም፦ በምሳሌ ይጸዳል እንዴ? እኔ እንጃ የኔታ፣ ያልታጠበ ድስት ፊት ቆሜ «አጥቦ» ልበል ስል ምላሴ ይተሳሰራል። ያላየሁት ነገር አይገባኝም።

ሊቁ፦ ዱልዱም ያሉህ ወደው አይደለም። (እጅጌውን ሰብስቦ አንዱን ድስት እየፈተገ) እይ። አሁን አልቋል። «ሃቪንግ ዋሽድ...» በል።

ዱልዱም፦ «ሃቪንግ ዋሽድ ዘ ፖት...»

ሊቁ፦ «ፖትስ»። ብዙ ናቸው።

ዱልዱም፦ አንድ አጥበህ ብዙ ናቸው ትለኛለህ። ይሄማ ውሸት መማር ነው።

(ሊቁ በንዴት ሁለተኛውን ይፈትጋል፤ ሦስተኛውንም። ዱልዱም ወንበሯ እንዳትቀዘቅዝ ይቀመጥባታል።)

ሊቁ፦ (እየፈተገ) በል ቀጥል፣ አትፍዘዝ።

ዱልዱም፦ «ሃቪንግ ጎን ሆም፣ ሂ ዋሽድ ዘ ፖትስ።»

ሊቁ፦ ወደ ቤቱ ሄዶ ድስቶቹን አጠበ? የሆቴሉን ድስት ተሸክሞ ነው የሄደው? ሌባ ነው?

ዱልዱም፦ ሊሆን ይችላል፤ ሰውየውን የምታውቀው አንተ ነህ።

ሊቁ፦ ቀድሞ ያለቀው ነው «ሃቪንግ» የሚይዘው። እንደገና።

ዱልዱም፦ «ሃቪንግ ዋሽድ ዘ ፖትስ፣ ዘ ካት ዌንት ሆም።»

ሊቁ፦ (ድስት ውስጥ ጠልቆ ድምፁ ብቻ እየተሰማ) ድመቷ ናት ያጠበችው? ስንቴ ልንገርህ? ፊተኛውን የሠራና ኋለኛውን የሠራ አንድ መሆን አለበት። አጥቦ የሄደ፣ ያው ያጠበው ነው።

ዱልዱም፦ እሺ፣ ሳይሠራ የቀረስ?

ሊቁ፦ «ኖት» የምትባል አለች፤ «ሃቪንግ» ፊት ትቆማለች። «ኖት ሃቪንግ ሞፕድ ዘ ፍሎር፣ ሂ ስቴይድ።» ወለሉን ስላልወለወለ ቀረ።

ዱልዱም፦ ይቺ ገባችኝ። ወለሉም እንደተባለው ሆኖ ይታየኛል። ያለ «ኖት» ሲሆን ግን... (ራሱን ያካል) በ«ኖት»ና ያለ «ኖት» መካከል ያለው ልዩነት ጨርሶ አይታየኝም።

ሊቁ፦ እንዲህ ያለ ራስ ተሸክመህ መዞር አይከብድህም? (መወልወያውን ነጥቆ ከጥግ እስከ ጥግ ይወለውላል) ይኸው ልዩነቱ። በዓይንህ እየው።

ዱልዱም፦ ከምድጃው ሥር ያለው ገና «ኖት» ነው።

(ሊቁ ተንበርክኮ ምድጃው ሥር ይገባል። የሸሚዙ ነጭነት ታሪክ ሆኖ ቀርቷል። ሲወጣ ዱልዱም ሽርጡን አውልቆ፣ ኮቱን ለብሶ፣ ጸጉሩን እያበጠረ ነው።)

ሊቁ፦ ወዴት ነው? ትምህርቱ አላለቀም።

ዱልዱም፦ «ሃቪንግ ዋሽድ ዘ ፖትስ ኤንድ ሞፕድ ዘ ፍሎር፣ ማይ ፍሬንድ ሳት ዳውን ቱ ሬስት።» ድስቶቹን አጥቦ፣ ወለሉን ወልውሎ፣ ወዳጄ ሊያርፍ ተቀመጠ።

ሊቁ፦ (ቃላቱን አንድ በአንድ በጣቱ ቆጥሮ፣ ስህተት አጥቶ) ይሄን... ይሄን ማን አስተማረህ?

ዱልዱም፦ ልጄ። በቴአትሩ የእንግሊዝኛ መምህርት ሆና ነው የምትጫወተው። ሳምንቱን ሙሉ ቤት ስንለማመድ፣ የማይገባው ደደብ ተማሪ እኔ ነበርኩ። ቤቱ ሄዶ ያጠበውም ድመቷም የተማሪው ቃል ናቸው። አንተም ብትሆን የመምህርቷን ቃል አላጓደልክም፤ ቁጣዋን ሳይቀር።

ሊቁ፦ ቆይ፣ ቆይ። አጥቦ የሄደ ያው ያጠበው ነው ብያለሁ። ያጠብኩት እኔ ነኝ፤ የምሄደው እኔ ነኝ።

ዱልዱም፦ ማን ከለከለህ? አንተማ ተራህ ካበቃ ቆይቷል። እንደዚያ ሆነህ መንገድ ለመንገድ መታየቱን ከቻልክ ሂድ።

(ሊቁ ሸሚዙን ያያል፤ ወንበሯንም ያያል፤ ይቀመጣል።)

ሊቁ፦ ዱልዱም ብዬ ንቄህ...

ዱልዱም፦ (ከበሩ ላይ ዞር ብሎ) አስተናጋጅ ስለሆንክ አልፈርድብህም። ወጥ ቤት የሠራ ግን ያውቀዋል፦ ዱልዱም ቢላ ሽንኩርቱን ትቶ የሚቆርጠው የያዘውን እጅ ነው።