ግሩነርሎካ ላይ ያመለጠኝ እልልታ

እኛ ጋ «ዝም አይነቅዝም» ይባላል። ይህን የተናገረ ሰው ልጁን ኦስሎ መዋለ ሕፃናት፣ እነሱ ባርነሃገ የሚሉት፣ አላስገባም። እዚህ ዝምታ ይነቅዛል፤ ወረቀት ይጻፍበታል፤ ስብሰባም ይጠራበታል። የአራት ዓመቷ ልጄ ሶልያና ቤት ውስጥ ግድግዳ የምታስለፈልፍ ናት፤ ባርነሃገው በር ላይ ስትደርስ ግን አፏን እንደ ጃኬቷ ዚፕ እስከ አገጯ ትዘጋዋለች። አስተማሪዋ «እስካሁን ድምጿን አልሰማንም፤ ሰኞ እንነጋገር» ብላ ጻፈች። እኔ ከንባብ ጋር ብዙም ስለማንግባባ፣ ወረቀቱን ያነበበችልኝ ጎረቤቴ ዘይነባ ናት። ከዚያ ወዲያ ምን እንቅልፍ አለ? እኔ የአገሩን ቋንቋ ኖርሽክን ስሰባብር እየሰማች አፍራ ይሆን እንዴ ዝም ያለችው?

ቅዳሜ ዘይነባ «ቤት ተቀምጠሽ ሐሳብ ከምታመነዥኪ ነፋስ ይምታሽ» ብላ ከሰፈራችን ከሮመን ወደ ግሩነርሎካ ጎትታ ወሰደችን። ለካ የጃፓን ሰዎች መንገድ አዘግተው በዓላቸውን እያከበሩ ነው። ገና ከትራሙ እንደወረድን ከበሮ ተመታ። ዞር ስል፣ ወገባቸውን የታጠቁ ሰዎች በወርቅ ቀለም ያጌጠች ትንሽ ቤት የመሰለች ነገር በትከሻቸው ተሸክመው፣ እያወዛወዙ፣ እየተቀባበሉ እየጮሁ ይመጣሉ። ሕዝቡ ግራና ቀኝ መንገድ ለቀቀ።

እስቲ ፍረዱኝ። ከበሮ አለ፤ የከበረ ነገር በትከሻ አለ፤ ሕዝብ መንገድ ለቋል። ጥምቀት በመጣ ቁጥር ታቦት ስትሸኝ ያደገች ሴት ምን ታድርግ? ነጠላ ስላልያዝኩ ሻርፔን አጣፋሁና እልልታዬን አቀለጥኩት። የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ።

መንገዱ ሁሉ ዞሮ አየኝ።

«ለማን ነው እልል ያልሽው?» አለችኝ ዘይነባ።

እልል ያልኩት ለሌላ እምነት መሆኑ ያኔ ገባኝና ላብ አጠመቀኝ። «ለተሸካሚዎቹ» አልኳት። «ከባድ ነው እኮ።»

«ይሁንልሽ። ቄሱ ከጠየቁሽ ግን እኔ አብሬሽ አልነበርኩም።»

ከፊት ከፊት ማራገቢያ ይዘው የሚመሩት ሽማግሌ ወደ እኔ መጡ። ሊቆጡኝ ነው ብዬ ልጄን ጠበቅ አድርጌ ያዝኩ። እሳቸው ግን ጎንበስ ብለው እጅ ነሱኝና ማራገቢያቸውን ከፍ አደረጉ፤ ድገሚው ማለታቸው ነው። የሽማግሌ ቃል ይታለፋል? ደገምኩት።

ሳልጨርስ ከጉልበቴ ሥር ቀጭን እልልታ ተቀበለኝ። ሶልያና ናት። ጎንበስ ብዬ ሳይ፣ ጸጉራቸው የገብስ ዛላ የመሰለ ሁለት ልጆች አጠገቧ ቆመው ከምላሳቸው ጋር ይታገላሉ። «እንደሱ አይደለም፣ ምላስሽን አወዛውዢው፤ እናቴን እያት» ትላለች። በኖርሽክ ነው የምትለው፤ ያውም ምንም ስብራት በሌለው። እናቴን እያት አለች፣ ሰማችሁ? እኔ ሻርፔን ፊቴ ላይ ጣል አደረግኩ። ዘይነባ ነፋሱ ነው አለች።

ሰኞ ለስብሰባው ዘይነባን አስከትዬ፣ ሌሊቱን ሙሉ ያጠናሁትን መልስ በአፌ ይዤ ገባሁ። አስተማሪዋ ጆሮዋን እያሻሸች ተቀበለችኝ።

«ሶልያና ዛሬ ፍራፍሬ ሲቀርብ አንድ ድምፅ አሰማች» አለች። «አሁን ልጆቹ በሙሉ ያሰሙታል። እባክሽ፣ ክፍል ውስጥ ትንሽ ቀስ እንድትል ትነግሪያታለሽ?»

«ጃ፣ ጃ» አልኩ፤ እሺ ማለቴ ነው።

እነግራታለሁ። መቼ እንደሆነ ግን አልተባባልንም።