ዜና ጉልበት ዘአቶ ኤርጫፎ፦ በእግር ወደ ኦቾሎ ስለ መውጣት

ዓለም በተፈጠረ በሰባት ሺህ አራት መቶ ሰማንያ ዘጠኝ ዓመት፣ በዘመነ ማቴዎስ ወንጌላዊ፣ ጌታችን አቶ ኤርጫፎ በሚሽከረከረው ወንበር ላይ በተቀመጡ በዘጠነኛው ዓመት፣ መንግሥት ሲለወጥ ያልተለወጠው፣ ሹም ሲሻር ያልተሻረው፣ ቆዳው ተልጦ ስፖንጁ ቢታይም ከሥራቸው ያልተነሣው ያ ወንበር በሴቻ ኮረብታ ጸንቶ ሳለ፣ የሆነው ነገር ይህ ነው። የሰማ ላልሰማ ያሰማ፤ ጉልበቱን የሚያመውም ቀረብ ብሎ ያድምጥ።

እኒህ ጌታ፣ በትውልዳቸው የኦቾሎ፣ በመኖሪያቸው የሲቀላ፣ በሥራቸው ስሙ እዚህ የማይነሣ የአንድ መሥሪያ ቤት የባለጉዳይ ክፍል ኃላፊ፣ በሁለቱ ሐይቆች አገር በመቀመጥ የሚተካከላቸው አልተገኘም። ጠዋት የመሥሪያ ቤቱ ላንድሮቨር ከታችኛው ከተማ ከሲቀላ ከደጃፋቸው አንሥቶ ላይኛው ከተማ ሴቻ ያደርሳቸዋል፤ ከመኪናው ወደ ወንበሩ፣ ከወንበሩ ወደ ሥጋ ቤቱ አግዳሚ፣ ከአግዳሚው ወደ ሳሎናቸው ሶፋ ይሸጋገራሉ፤ ቀኑም በዚሁ ይመሻል። እንግዳ ሲገባ ሰው ሁሉ ብድግ ብሎ «ኖር!» ሲል፣ እሳቸው የሚያነሡት ቅንድባቸውን ብቻ ነበር። ለባለጉዳይ የሚሰጡት ፍርድም አንድ ነው፤ ነገ ተመለስ። ቦርጫቸው ከእሳቸው ቀድሞ ቢሮ ይገባ ነበር ቢባል ውሸት አይሆንም።

ወእምዝ ቁርጥማት የተባለ ባላጋራ መጥቶ በጉልበታቸው ሰፈረ። መጀመሪያ ቀኙን ያዘ፤ ቀጥሎ ግራውን ደረበ። ጠዋት ከአልጋ ሲወርዱ እግራቸው አልታጠፍ ይላል፤ ከታጠፈም አልዘረጋ ይላል፤ ደረጃ ሲወጡ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ያሰማል። ጌታችን ግን ለማንም ትንፍሽ አላሉም። ምክትላቸው አቶ ክንፉ ያን ወንበር በጎመዠ ዓይን ሲያየው ዓመታት አልፈዋልና፣ የጉልበታቸውን ወሬ ቢሰማ ጡረታ የምትለዋን ቃል በማግስቱ ለአለቆች ሹክ እንደሚል ያውቁ ነበር።

በመስከረም ወር፣ ጋሞ ሁሉ ከያለበት ወደ እናቱ ቤት በሚመለስበት በመስቀል፣ መኪና ከሚቆምበት ከታችኛው ሜዳ ተነሥተው የኦቾሎን አቀበት ጀመሩ። ምን ያደርጋል፣ አልገፉም። እኩሌታውን ሳይወጡ ጉልበታቸው ተቆለፈ። ወንድሞቻቸውም ወርደው፣ እንጨት ቆርጠው፣ ጋቢ ወጥረው ቃሬዛ አበጁና በትከሻቸው ተሸክመው ወጡ። ወይ ጉድ! በዚያ አገር ከቆላ በቃሬዛ የሚመጣ ማን እንደሆነ የማያውቅ የለም፤ ቆላ ሄዶ የሞተ ልጅ ነው። በአፋፉ ላይ የቆሙት ሴቶች ቃሬዛውን ባዩ ጊዜ እሪታቸውን አቀለጡት፤ የበዓሉ ዘፈን ተቋረጠ፤ ወንዶቹ ለቀብር ዶማና አካፋ ፍለጋ ተበተኑ፤ እናታቸውም ነጠላቸውን በወገባቸው አስረው፣ ፊታቸውን እየነጩ ወጡ። ጌታችን ከቃሬዛው ላይ ቀና ብለው እንኳን አደረሳችሁ ባሉ ጊዜ፣ ከለቀስተኛው ግማሹ ጫካ ገባ።

ኋላ አገሩ ሁሉ ሳቀ። እናት ግን አልሳቁም። የነጩትን ፊታቸውን ሳያብሱ በደጃቸው ቆመው እንዲህ ሲሉ አዋጅ ነገሩ፦

«አንተ ልጅ ስማ! አገሩም ይስማ! ሞተህ አልቅሼልሃለሁ፤ ይህ ይበቃኛል። ለሚመጣው መስቀል በእግርህ ና። በሰው ትከሻ የምትመጣ ከሆነ ግን ቅር፤ ደጄን እዘጋብሃለሁ። ልጆቼ እኔን ይሸከሙኝ እንጂ፣ እኔ የልጄን ቃሬዛ ቆሜ አላይም!»

ጌታችን ወደ ሲቀላ ሲመለሱ ያ እሪታ ከጆሯቸው አልወጣ አለ። አፈሩ፤ ከማፈራቸውም ይልቅ ፈሩ። እናታቸው አርጅተዋል፤ ወደ ቆላ ወርደው ሊያዩአቸው አይችሉም፤ እሳቸው ካልወጡ መተያየታቸው አበቃ ማለት ነው። ስለዚህ ጋቢያቸውን እስከ ዓይናቸው ተከናንበው፣ በጓሮ በር ዞረው፣ ወደ ነርሷ ወደ ሲስተር አገኘሽ ዘንድ ሄዱ። እርሷም ጉልበታቸውን አጥፋ ዘርግታ ካየች በኋላ አዋጇን አወጀች፦

«ጋሼ፣ ይህ ነገር ተነቅሎ አይሄድልዎትም፤ እውነቱን ልንገርዎት። ግን ይዘገያል። ይህን ሁሉ ቦርጭ የሚሸከሙት እነዚህ ሁለት ጉልበቶች ናቸው፣ ይዘኑላቸው እንጂ! በየቀኑ በእግርዎ ይሂዱ፤ ሲብስብዎ አረፍ ይበሉ፣ ሲሻልዎ ይቀጥሉ። ተቀምጠው አይዋሉ፤ በየመሐሉ ብድግ ይበሉ። ጮማውን ይተዉትና ዓሣ ይብሉ፣ የሀለኮን ቅጠል እንደ ጎመን ይብሉ። ጠዋት ጠዋት በሞቀ ፎጣ ያሙቁት። ውሃ ውስጥ ገብቶ መንቀሳቀስም ደግ ነው፤ ሐይቁን ግን አደራ፣ አዞ የታመመ ጉልበት አይመርጥም!»

ይዘገያል የምትለውን ቃል በሰሙ ጊዜ የጌታችን ፊት በራ። ማዘግየት! በዚህ ጥበብ ከእሳቸው በላይ ማን አለ? ጎረምሳ ሆኖ የመጣውን ባለጉዳይ ሽበት አብቅለው የሸኙ፣ ለጎጆ ፈቃድ የመጣውን ለልጁ ሰርግ ያደረሱ ሰው ናቸው። በወገን ላይ ያን ያህል ዘመን የሠሩበትን ሙያ አሁን በጠላት ላይ ሊያውሉት ቆረጡ።

ወእምዝ ዘመቱ። በቀኛቸው ባለቤታቸው ወይዘሮ ልክነሽ፣ የድስቱ አዛዥ፣ የቅል ቅቤውን በሣጥን ቆልፈው ቁልፉን በመቀነታቸው የቋጠሩ፤ በግራቸው ይፍሩ ዘበኛ፣ ባለ ጥቁር ጃንጥላ፣ ጌታውን ከፀሐይ ሳይሆን ከሚያውቋቸው ሰዎች ዓይን የሚጋርድ፤ በፊታቸው ማንም ያልጠራው የጎረቤት ውሻ፤ በኋላቸው፣ ድንገት ቢደክማቸው ተብሎ፣ ባዶውን በአንደኛ ማርሽ የሚያዘግመው ላንድሮቨር። በዚህ ሰልፍ ከሲቀላ ወደ ሴቻ ዳገቱን በየማለዳው ወጡት። ሕዝቡም መኪናው የተበላሸ መስሎት ሊገፋ ይሰበሰብ ነበር፤ እየገፋም ሁለት ጊዜ ቀድሟቸው ቢሮ አድርሶታል። ቅዳሜ ቅዳሜ ከከተማው በታች ካለው ደን ሥር ወደሚፈልቁት ምንጮች ወርደው፣ እስከ ደረታቸው ገብተው ወዲያና ወዲህ ሲሉ፣ ጉሬዛዎች ከዛፍ ላይ ሆነው በታላቅ ዝምታ ይመለከቷቸው ነበር።

ቦርጫቸውም ጥቂት በጥቂት ሸሸ። ታዲያ ሲቀላ ሰው ሲከሳ ዝም ብሎ የሚያይ ከተማ ነው እንዴ? ሰውየው አልቆለታል ተባለ። ጎረቤት አጥሚት ይዞ መጣ፤ ኦርቶዶክሱ ጠበል ላከ፣ ጴንጤው እጁን ጭኖ ሊጸልይ በሩን አንኳኳ። ጌታችን አጥሚቱን መልሰው፣ ጠበሉን ጠጥተው፣ ጸሎቱንም ቆመው ተቀበሉ፤ መቆም ታዝዞላቸዋልና።

በፋሲካ ግን ወደቁ። እውነቱን ለመናገር ወደቁ ሳይሆን ተቀመጡ። ወዳጃቸው ቤት ከጠዋት እስከ ማታ ከአንድ ወንበር ሳይነቃነቁ ጮማውን ቆረጡ፤ በማግስቱ ከአልጋ መውረድ አቃታቸው። ወይዘሮ ልክነሽም ፎጣውን ለማሞቅ ውሃ እያፈሉ አወጁ፦

«ቅቤውስ በቁልፍ ተያዘልኝ፤ አንተን የት ልቆልፍህ? ለእኔ ማሰቡንስ ተወው፣ እኔ ለምጄዋለሁ። መስቀል ሲመጣ እናትህ ደጅ ብቻዬን የምቆመው እኔ ነኝ፤ ልጅዎ ከወንበር መነሣት አቃተው ልበላቸው?»

ጌታችን ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው አለቀሱ። ከዚያ ወዲያ ወደ ሥጋ ቤቱ አግዳሚ አልተመለሱም።

አንድ ነገር ግን ቀርቶ ነበር። ሕመማቸው ሳይታወቅ በቢሮ ውስጥ በየመሐሉ ብድግ ማለት እንዴት ይቻላል? ያለ ምክንያት የሚነሣ ሹም ከሥልጣን የተነሣ ይመስላል። ሲያወጡ ሲያወርዱ ሰንብተው ምክንያቱን አገኙት። አንዲት የሙዝ ነጋዴ በሩን ገፋ አድርጋ ስትገባ፣ ዘጠኝ ዓመት ለማንም ያልተነሡት ጌታ ጠረጴዛውን ተደግፈው ብድግ አሉና «ኖር!» አሉ።

ክፍሉ ተናወጠ። ጸሐፊዋ ተነሣች፤ ተራ ጠባቂው ሁሉ ተነሣ፤ አቶ ክንፉም ሻዩን በሱሪው ላይ አፍስሶ ተነሣ። ሴትዮዋ ለማን እንደተነሡ ለማየት ወደ ኋላዋ ዞረች። አቶ ክንፉም በልቡ አሰበ፤ ይህች ሴት የአንድ ትልቅ ሰው እናት ናት፤ ያለዚያ ይህ ሰውዬ ለምን ይነሣላታል? ከዓመታት በፊት ነገ የተባለው ጉዳይዋ ከምሳ በፊት አለቀ። ቀጥሎ አንድ ሸማኔ ገባ፤ ጌታችን ተነሡ። አንድ መምህር ገባ፤ ተነሡ። አቶ ክንፉም ትልቁ ሰው የትኛው እንደሆነ መለየት ተሳነውና፣ ለጥንቃቄ የሁሉንም ጉዳይ መፈጸም ያዘ። መሥሪያ ቤቱ ከተከፈተ ጀምሮ ያልታየ ሥራ በፍርሃት ተሠራ። ባለጉዳዩም ምን መጣ እያለ እየተደነቀ፣ እየመረቀ ወጣ።

ወእምዝ ነገሩ ሲቆይ ትልቅ ሰው የሚባል እንዳልመጣ አቶ ክንፉ ደረሰበትና ተናደደ። የግምገማ ቀን በደረሰ ጊዜም በጉባኤው መካከል ቆሞ አወጀ፦

«ጓዶች! አቶ ኤርጫፎ ለመጣው ሁሉ ብድግ በማለት የሥራ ተዋረድን አፍርሰዋል! ሕዝብ እንዲወዳቸው እየሠሩ ነው! ከበስተጀርባው ማን እንዳለ ይጣራልኝ! ሂሳቸውን ይዋጡ፣ ወንበሩንም ይልቀቁ!»

ጉባኤው ከጠዋት ጀምሮ ተቀምጧል። ጌታችንም ተቀምጠዋል፤ ጉልበታቸው ግን እሳት ሆኗል፤ ቢናገሩ ጡረታ ነው፣ ዝም ቢሉ መቆለፍ ነው። ሲብስባቸው፣ የመጣው ይምጣ ብለው ብድግ አሉ። ማንም አልገባም፤ በሩም አልተከፈተም። ነገር ግን ወራት የለመደ ገላ ምን ይደረጋል! ጉባኤው በሙሉ «ኖር!» እያለ ተነሣ፤ ከሳሹ አቶ ክንፉም ወደ በሩ ዞሮ እጅ ነሣ። ሰብሳቢው ብቻውን ተቀምጦ መቅረቱን አልወደደምና እሱም ተነሣ። ሰው አንዴ ከቆመ በኋላ ምሳ ትዝ አለው፤ ጉባኤው ተበተነ፣ ጉዳዩም ለሌላ ጊዜ ተቀጠረ። በመሥሪያ ቤቱ ልማድ መሠረት ያ ሌላ ጊዜ እስከ ዛሬ አልደረሰም።

ዘመነ ማቴዎስ አልፎ ዘመነ ማርቆስ ገባ፤ መስቀልም ደረሰ። ጌታችን ገና ሳይነጋ ጉልበታቸውን በሞቀ ፎጣ አሙቀው፣ ከወይዘሮ ልክነሽ ጋር ወደ አቀበቱ ሥር መጡ። ወንድሞቻቸው እዚያ ይጠብቋቸው ነበር፤ ከቁጥቋጦ ጀርባ ደግሞ አዲስ የተበጀ ቃሬዛ ደብቀዋል። በክፋት አይደለም፤ ስለሚወዷቸው ነው። ጌታችን ግን አዩት፤ አልፈውትም መንገዱን ጀመሩ።

ትንሽ ይወጣሉ፣ ድንጋይ ላይ አረፍ ይላሉ፤ ደግሞ ይነሣሉ። ገበያተኞች አለፏቸው። ፍየሎች አለፏቸው። የማገዶ ሸክም ያዘለች አሮጊትም አይዞህ ልጄ እያለች አለፈቻቸው። አምና የተቆለፉበት ቦታ ሲደርሱ ቀኝ ጉልበታቸው ክፉኛ ወጋቸው፤ ወንድሞቻቸው ሳይጠሩ ቃሬዛውን አቀረቡ። ጋቢው ንጹሕ ነበር፣ ጥላ ነበረበት፤ ጌታችንም ለአፍታ ወደዱት። እውነት ነው፣ ወደዱት። ከዚያ የወይዘሮ ልክነሽን ትከሻ ያዝ አድርገው፣ ሲስተሯ እንዳዘዘች ሕመሙ ረገብ እስኪል ጠብቀው፣ ቃሬዛውን ዞረው አለፉ።

ላይ በአፋፉ እናታቸው ከጠዋት ጀምረው ቆመዋል። ሥጋው ተበላ፣ ዘፈኑ ደመቀ፣ ፀሐይዋም ወደ መጥለቂያዋ ዘመመች፤ ይቀመጡ ቢባሉ እምቢ አሉ። ዓይናቸው ደክሟልና ከታች የሚመጡት ሰዎች አንዱ ከሌላው አልለይ አላቸው። ልጃቸው መጥተው ከፊታቸው በቆሙ ጊዜም ስማቸውን አልጠሩም። እናት ጎንበስ ብለው የልጃቸውን ጉልበት በሁለት እጃቸው ዳበሱ፤ ያበጠ ነበር፣ ይሞቅ ነበር። ወደ ታች ወርደው ጫማቸውን ዳበሱ። ጫማው በአቧራ ተሸፍኖ ነበር፤ በትከሻ የመጣ ሰው ጫማ ደግሞ አቧራ የለውም። እናትም አቧራውን በጣቶቻቸው መካከል አሽተው፣ ቀና ብለው፣ አገር እስኪሰማ አወጁ፦

«ዘገየህ! በእግርህ ነው የዘገየኸው!»

ሴቶቹም እልል አሉ።

እነሆ፣ ከተማ ላልያዙት፣ ጠላት ላልማረኩት፣ ጮማን ላሸነፉት፣ ለሙዝ ነጋዴ ብድግ ላሉት፣ በአቀበት ላይ በፍየል ለተቀደሙት፣ ቁርጥማትን በነገ ተመለስ ላደከሙት ለአቶ ኤርጫፎ ምስጋና ይሁን! ሕመማቸው አልጠፋም፤ በማግስቱም ጠዋት ፎጣ ሞቆላቸዋል። ግን ይዘግይ! ዓመት ዓመትን እየጠራ ይዘግይ! እናታቸው ዕድሜ ጠግበው እስኪያርፉ ድረስ ይዘግይ፤ በዚያን ቀን ከወንድሞቻቸው ጋር ከቃሬዛው ሥር ገብተው፣ እናታቸውን በገዛ ትከሻቸው ተሸክመው የሚቆሙበት ጉልበት ይኑራቸው። አሜን፣ ለይኩን።