ዘንዶው በአንቺሆዬ ልሙት አለ

ሕልም ተፈርቶ ሳይተኛ አይታደርም ይባላል። ሚልክያስም ትናንት ሌሊት ተኝቶ ያየውን አይቷል፤ እኔ ልንገራችሁ፣ እሱ ሲያወራው ሳቁ አያስጨርሰውም።

ሚልክያስ ጊታሪስት ነው፤ ያውም የሜታል፣ የዚያ ጩኸታም ሮክ። ቅዳሜ የሙዚቃ ባንዳቸው ለመጀመሪያ ጊዜ መድረክ ላይ ይወጣል። እሱም በልጅነቱ ሲጫወት ያደገበትን የአንድ ቪዲዮ ጌም ሙዚቃ በሜታል አቀናብሮ ሊያመጣ ቃል ገብቷል። ጌሙ ውስጥ ጀግናው ግንብ ሰብሮ ይገባና ከዘንዶ ጋር ይፋለማል። ታዲያ ይህን ፍልሚያ ምን ቢያደርገው ጥሩ ነው? በትዝታ ቅኝት፣ ቀስ ብሎ፣ አንጀት በሚበላ ስሜት! ከበሮ መቺዋ ኤፍራታ ሰምታ፣ «ይሄ ሜታል ነው ወይስ ተዝካር? ነገ ነፍስ ያለው ነገር ካላመጣህ እንተወዋለን» አለችው። እልህ ያዘው። ማታውን ሙሉ ያንኑ ሲደጋግም አምሽቶ፣ ጊታሩን እንዳቀፈ እንቅልፍ ጣለው።

በሕልሙ ከቤት ሲወጣ ተሳፋሪዎች ሚኒባስ ተሸክመው ይሮጣሉ። ሹፌሩ ውስጥ ተጋድሟል፤ ረዳቱ በመስኮት ብቅ ብሎ፣ «ወራጅ የለም! ወራጅ የለም!» ይላል። ቀይ መብራት ሲበራ ሁሉም ይከንፋል፤ አረንጓዴ ሲሆን ቀጥ ይላል። ትራፊክ ፖሊሱ ሚልክያስን አስቆመው። በእጁ የያዘው ፊሽካ ሳይሆን የከበሮ ዱላ ነው።

«በደቂቃ በስንት ምት ነው የምትራመደው?»

«በስልሳ።»

«በስልሳ! አታፍርም? ቀንድ አውጣ እኮ ቀደመህ!»

እውነትም ቀንድ አውጣው አቧራ እያቦነነ አለፈው። ፖሊሱ ሚልክያስን ክንዱን ይዞ ድንኳን ውስጥ ከተተው።

ድንኳኑ የለቅሶ ነው፤ ግን እልልታው ሰማይ ነክቷል። አልቃሿ ትጨፍራለች፣ ቀባሪዎቹ እስክስታ ይወርዳሉ። ማዶ ካለው የሰርግ ድንኳን ደግሞ ሙሽራውና ሚዜዎቹ ደረት እየደቁ ያለቅሳሉ። በለቅሶው ድንኳን መሐል ነጠላውን አዘቅዝቆ የተቀመጠው ሟቹ ራሱ ነው፤ የጌሙ ዘንዶ።

«ና እስቲ አንተ!» አለው ዘንዶው፣ በአፍንጫው ጭስ እየለቀቀ። «ስንት ዘመን እሳት ስተፋ ኖሬ በትዝታ ትሸኘኛለህ? የምሞተው እኔ፣ የምታለቅሰው አንተ! ምን ቤት ነህ?»

«አሳዝነኸኝ እኮ ነው። በልጅነቴ ስንቴ ገደልኩህ!»

«ሞኝ! ልጅ ሁሉ ሲገድለኝ ይውላል፤ እኔ ተነስቼ ደግሞ እጠብቀዋለሁ። እንደኔ የተጫወተ ማን አለ? በል በአንቺሆዬ ቅኝት አድርገው። ጊታሩ ይንጫጫ! ያኔ እኔ ስወድቅ የጮሃችሁትን ጩኸት አምጣልኝ።»

ሚልክያስ ያ ጩኸት ትዝ አለው። የሰፈር ልጆች አንድ ስክሪን ፊት ተደራርበው፣ ዘንዶው ሲወድቅ እየተቃቀፉ ይዘሉ ነበር። ለካ ያኔ ማንም አላዘነም! እሱም እንደ ያኔው ብድግ ብሎ ዘለለ።

«ፍጥነቱስ?» አለ።

ዘንዶው በጅራቱ መሬቱን ደበደበ። ጓ! ጓ! ጓ! ጓ! ሚልክያስ ጊታሩን ሊያነሳ እጁን ሲሰድ ነቃ።

ዘንዶው የለም፤ ምቱ ግን አለ። ነግቷል። በሩን ቢከፍት ግቢው ውስጥ የእድሩ ሰዎች ድንኳን ይተክላሉ። የእድሩ ዳኛ ጋሽ ድንበሩ ካስማውን በመዶሻ ይመታሉ። አከራዩ እትዬ አልጋነሽ፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ሮጠው አንገቱ ላይ ተጠመጠሙ።

«ወይኔ ልጄን! ማታውን ሙሉ በጊታርህ ስታለቅስ አንጀታችን አልቻለም። ማን ነው የሞተብህ? እናትህ ናት?»

«ኧረ እትዬ፣ ማንም አልሞተም! የጌም ሙዚቃ ስለማመድ ነው!»

የጋሽ ድንበሩ መዶሻ አየር ላይ ቀረ።

«ጋሽ ድንበሩ፣ በሞቴ መዶሻውን እንዳያቆሙ!» ብሎ ሚልክያስ ወደ ቤት ሮጠ። ለኤፍራታ ደውሎ ስልኩን መስኮቱ ላይ አስቀመጠና ጊታሩን ከድምፅ ማጉያው ሰካ። ጋሽ ድንበሩ ግራ ቢገባቸውም ካስማውን መምታት ቀጠሉ። አንቺሆዬው በምቱ ላይ ፈነዳ። «ይሄ ነው! ይሄ ነው!» የሚል የኤፍራታ ጩኸት ከስልኩ ወጣ።

እትዬ አልጋነሽ ነጠላቸውን አስተካከሉና በመስኮቱ አንገታቸውን አስገቡ።

«ታዲያ እንዲህ ደስ የሚል ነገር እያለህ ነው ያን ሁሉ ንፍሮ ያስቀቀልከኝ?»