በ82 ስበር አባ መሰከሩብኝ

ጓደኞቼ፣ የያዛችሁትን አስቀምጡና ይቺን ስሙ! ዛሬ ጠዋት ወደ ሥራ ስሄድ ትራፊክ ያዘኝ።

ጉዱ እሱ አይደለም። ትራፊክ ማንንም ይይዛል።

ጉዱ፣ የገዛ ተሳፋሪዬ መሰከሩብኝ! በነፃ የጫንኳቸው ሰው። ያውም ቄስ!!

እሺ፣ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ፤ ካልተነፈስኩ ልፈነዳ ነው። አዲስ የገባችሁ ካላችሁ ሕይወት እባላለሁ። ደብረ ታቦር እኖራለሁ፣ ገሳይ ከተማ ሄጄ ፊዚክስ አስተምራለሁ። በየቀኑ በትንሿ መኪናዬ እመላለሳለሁ። መኪናዬ ስላችሁ ደግሞ ትልቅ ነገር እንዳታስቡ። ዳገት ላይ ስትደርስ "አይዞሽ፣ አይዞሽ" እያልኩ የማወጣት ናት።

ዛሬ የአሥራ አንደኛ ክፍሎች ፈተና ነበር። ሦስት ሰዓት ላይ።

የፈተናው ወረቀት የት ነበር? እኔ ጋ!

ትናንት ዳይሬክተራችን "መምህርት ሕይወት፣ ወረቀቱ ዛሬ ቢገባ አይሻልም?" ብለውኝ ነበር። እኔም በሙሉ ልብ "አያስቡ፣ ነገ በጠዋቱ እጅዎ ላይ ነው" አልኳቸው። እውነቱን ልናገር? ገና ጽፌ አልጨረስኩም ነበር። (ሼር የምታደርጉ ሰዎች፣ እሳቸው ጋ እንዳይደርስ! አደራ!)

ጠዋት ፎቶ ኮፒ ቤት ሄድኩ። መብራት የለም። ቆሜ ጠበቅኩ። መጣ። ግማሹ እንደወጣ ተመልሶ ሄደ። እንደገና መጣ። ብቻ የሃምሳ ስምንት ተማሪ ፈተና ታቅፌ ወደ መኪናዬ ስሮጥ ለሦስት ሰዓት አሥር ደቂቃ ነው የቀረው።

ዳይሬክተራችን ደግሞ አንዴ ከተናገሩ ተናገሩ ነው። ወረቀት እስከ ሦስት ተኩል ካልገባ ፈተናው ይሰረዛል፣ ተማሪ ወደ ቤቱ ይሄዳል። አለቀ።

እነዚህ ልጆች እኮ ከመንገድ ዳር ብቻ የሚመጡ አይደሉም። ከእነሱ ውስጥ ሁለት ሰዓት በእግሩ የሚመጣ አለ። ገብስ እየታጨደ "ዛሬ ፈተና አለብኝ" ብላ አባቷን ለምና የመጣች አለች። ነገ ድጋሚ ማን ይለቃታል?

ስልክ ልደውል አልኩ። ኔትወርክ የለም።

እናንተ ብትሆኑ ቀስ ብላችሁ ትነዱ ነበር? እ?!

ከከተማው መውጫ ላይ አባን አየኋቸው። የሰፈራችን ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ናቸው፤ በዓይን እንተዋወቃለን። መቋሚያቸውን ተደግፈው መኪና ይጠብቃሉ። ብቸኩልም ልቤ እንቢ አለኝ፣ ቆምኩ።

"አባ፣ ወዴት ነው?"

"ገሳይ፣ ልጄ። ወንድሜ አሞታል አሉኝ፤ ልጠይቀው ብዬ።"

"ይግቡ፣ ይግቡ! እኔም ገሳይ ነኝ!"

የፊቱን ወንበር ፈተናው ይዞታል፤ ከኋላ ተቀመጡ። ነዳጁን ረገጥኩት።

በመስታወት ሳያቸው ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። አይናቸው ተጨፍኗል። "የኔ አባት፣ እየመረቁኝ ነው" አልኩ በሆዴ። ደስ አለኝ። በደስታ ትንሽ ጨመርኩበት!

ወደ ገሳይ ልንቃረብ ስንል አንዲት ቁልቁለት አለች። ግራና ቀኝ ቤቶች አሉ። ከባሕር ዛፎቹ ጥላ ውስጥ አንድ ትራፊክ ብቅ አለና እጁን ዘረጋ።

እንዴት እንደቆምኩ አልናገርም። ፈተናው ግን መሬት ወረደ።

"ጤና ይስጥልኝ" አለ። ወጣት ነው፣ ጨዋ ነው፤ ጨዋነቱ ራሱ ያናድዳል። "ፍጥነትዎ ሰማንያ ሁለት ነው። እዚህ የሚፈቀደው አርባ ነው።"

ሰማንያ ሁለት?! የኔ መኪና?!

ከዚያ አንገቱን ወደ ውስጥ ሲያስገባ አባን አያቸው። ወዲያው ኮፍያውን አወለቀ፣ ጎንበስ አለ፣ መስቀል ተሳለመ።

ዳንኩ! አልኩ። በቃ ዳንኩ! ከቄስ ጋር የሚሄድን ሰው ማን ይከሳል?

ቀና አለ። ኮፍያውን አጠለቀ። "መንጃ ፈቃድ።"

እዚህ ላይ ነው ደሜ የፈላው። ቅድም እንደ ጥይት ያለፈኝ የጭነት መኪናስ? እሱን ለምን አልያዘውም? ለኔ ሲሆን ነው ራዳሩ የሚሠራው? ወረድኩና ሌክቸር ጀመርኩ። አዎ፣ አስፋልት ዳር ቆሜ ሌክቸር!

"ይሄ ማሽን መቼ ነው ካሊብሬት የተደረገው፣ ልኬቱ የተስተካከለው? ደግሞ አንተ የቆምከው ከመንገዱ ዳር ነው፤ መኪናውን በቀጥታ ሳይሆን በአንግል ነው የለካኸው። አንግል ሲኖር ማሽኑ የሚያሳየው ፍጥነት ከትክክለኛው…"

ዝም አልኩ።

ለምን ዝም አልኩ? ምክንያቱም በአንግል ሲለካ ማሽኑ የሚያሳየው ፍጥነት ከትክክለኛው *ያነሰ* ነው! ማለትም ከሰማንያ ሁለትም በላይ ነበርኩ ማለት ነው። ባለፈው ወር ለልጆቹ ያስተማርኩት ራሴ ነኝ!

"ከትክክለኛው ምን?" አለኝ ትራፊኩ። ከልቡ ሊማር ፈልጎ።

"ተወው" አልኩት። "ብቻ እኔ ቢበዛ ቢበዛ ሃምሳ ነው። ምስክር አለኝ! አባ፣ እስቲ ይንገሩልኝ።"

አዎ። ራሴ ነኝ የጠራኋቸው። በአፌ።

አባ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "እንግዲህ ልጆቼ፣ እኔ የመኪና ነገር አላውቅም።"

ጎሽ!

"ቁጥሩንም አላውቅ።"

ጎሽ አባ!!

"ብቻ መኪና ስገባ ዳዊት እደግማለሁ፤ ልማዴ ነው። ሌላ ጊዜ እዚህ ቁልቁለት ላይ ስደርስ ሃያኛው መዝሙር ላይ ነኝ። ዛሬ ገና ዘጠነኛው ላይ ነኝ።"

ትራፊኩ እስክሪብቶውን እንደያዘ ቀረ። "ዘጠነኛው?"

"ዘጠነኛው። እሱንም አጣድፌ ነው የደገምኩት። ፈርቼ።"

ፈርቼ!!! እኔ ምርቃት ነው ብዬ ነዳጅ የምጨምርበት፣ ለካ ሰውዬው ነፍሳቸውን አደራ እየሰጡ ኖሯል!

እና እዚያው እንደቆምኩ ይህ የተረገመ ጭንቅላቴ ማስላት ጀመረ። ሃያ መዝሙር በአርባ ከሆነ፣ ዘጠኝ መዝሙር በስንት? ሰማንያ ዘጠኝ ገደማ! ያውም አጣድፈው ከደገሙ ከዚያም ይበልጣል። ከራዳሩ ጋር ይገጥማል! አባ ካሊብሬት የማያስፈልገው ራዳር ናቸው!

"አባ!" አልኳቸው።

"ምን ላድርግ ልጄ፣ ይንገሩልኝ አልሽኝ እኮ። ነገርኩልሽ።"

ልክ ናቸው። ይሄ ነው የሚያቃጥለው!

ትራፊኩ ክሱን መጻፍ ጀመረ። ፊደል በፊደል። "ሕይወት… በሃሌታው ሀ ነው በሐመሩ?" ብሎ ጠየቀኝ።

"ሃምሳ ስምንት ተማሪ እየጠበቀኝ ነው! በፈለግከው ጻፈው!"

"በሐመሩ ሐ ነው፣ ልጄ" አሉ አባ ከኋላ። "ሌላው ስህተት ነው።"

እናንተዬ! ክሱ እንኳ የፊደል ግድፈት እንዳይኖረው እየተባበሩት ነው!

በዚህ መሃል ከእኔ ቀድሞ ተይዞ የነበረ ሚኒባስ ተለቀቀ። አባ በቀስታ በሩን ከፈቱ።

"ልጄ፣ እኔ በዚህኛው ልሂድ መሰለኝ። አንቺም እንዳትቸኩይ።"

ከመኪናዬ ወረዱ። ትተውኝ ሄዱ። እንድከሰስ ረድተው፣ ሥራቸውን ጨርሰው ሄዱ!

ሚኒባሱ መጀመሪያ እንደ ሙሽራ መኪና ቀስ ብሎ ተንቀሳቀሰ። ኩርባውን እንዳለፈ ግን ሞተሩ ሲጮህ ሰማሁት። ተፈተለከ! እኔ ጆሮ አለኝ፤ ያ ሰማንያ ሁለት አይደለም፣ መቶ ነው!

"ሰማህ? ሰማህ ይሄን?!" አልኩት ትራፊኩን።

"የአባት ስም?" አለኝ።

መንጃ ፈቃዴን አስቀርቶ የክስ ወረቀቱን ሰጠኝ። ሰዓቴን አየሁ፤ ሦስት ሰዓት ከሠላሳ አምስት። አለቀ። ፈተናው ተሰርዟል፣ ልጆቹ ተበትነዋል። የቀረውን መንገድ በአርባ ነዳሁት። አንድ ጋሪ ከጎኔ ሆኖ ለጥቂት ጊዜ አብሮኝ ተጓዘ። ባለጋሪው ሰላም አለኝ። አልመለስኩለትም፤ እያለቀስኩ ነበር። ለቅጣቱ አይደለም። ያቺ አባቷን ለምና የመጣች ልጅ በመንገድ ስትመለስ ባገኛት ምን እላታለሁ እያልኩ ነው።

መንገድ ላይ ግን አንድም ዩኒፎርም የለበሰ ተማሪ አላጋጠመኝም።

ግቢው በር ላይ ስደርስ ሃምሳ ስምንቱም ሣሩ ላይ ተቀምጠዋል! ዳይሬክተራችን ቆመዋል። ዘበኛው ቆሟል። ከመካከላቸው ደግሞ አንድ መቋሚያ የተደገፉ ሰው አሉ።

አባ!!

ወረቀቱን ታቅፌ እየሮጥኩ ስደርስ ዳይሬክተሩ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው አዩኝ። "ልበትናቸው ነበር። እኚህ አባት በሩ ላይ ቆመው ከለከሉኝ። 'አስተማሪዋ ወረቀቱን ይዛ ከኋላ ናት። ለእናንተ ብላ እሷም ልትሞት፣ እኔንም ልትገድለኝ ነበር፤ አሁን ብትበትኗቸው ግፍ ነው' አሉኝ። ምን ልበል?"

አባ ወንድማቸው ቤት እንኳ አልደረሱም። ከሚኒባሱ እንደወረዱ በቀጥታ ወደ ትምህርት ቤት ነው የመጡት።

አሁን እኔ ምን ልሁን? ንዴቴን የት ላድርገው? እጃቸውን ልስም ወይስ ልጩህባቸው? ሳምኩ። "እግዜር ይስጥልኝ አባ" አልኩ። ውስጤ ግን "ዘጠነኛው!" እያለ ይጮኻል።

ያላወቅኩት ነገር፣ ታሪኩን ለተማሪዎቹም ነግረዋቸዋል። ሙሉውን። ከነቁጥሩ።

ፈተናው ተጀመረ። አራተኛው ጥያቄ "አንድ መኪና በሰዓት ሰማንያ ኪሎ ሜትር እየተጓዘ…" ይላል። ከኋላ መስመር አንድ እጅ ወጣ።

"ቲቸር፣ መንገዱ ላይ ትራፊክ አለ ብለን ነው የምንሠራው ወይስ የለም ብለን?"

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ዳይሬክተሩ እንኳ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ።

"የለም ብላችሁ ሥሩ" አልኩ፣ በቀረችኝ ክብር።

አመሻሽ ላይ ወደ ቤቴ ልመለስ ስነሳ ከገሳይ መውጫ ላይ ማንን ባይ ጥሩ ነው? አባ መኪና ይጠብቃሉ። ወንድማቸውን ጠይቀው መመለሳቸው ነው። መኪናዬን ከሩቅ አወቋት።

ጃንጥላቸውን ከፈቱና ከኋላው ተደበቁ!

ዝናብ የለም። ፀሐይም ገብታለች። ከእኔ ነው የተደበቁት!

ቆምኩ። መስኮቱን አወረድኩ። "አባ፣ አይቻለሁ።"

ጃንጥላው ትንሽ ዝቅ አለ። "ውይ፣ አንቺ ነሽ እንዴ ልጄ?"

"ወንድምዎ እንዴት ናቸው?"

"ተመስገን፣ ቀና ብሏል። እህልም ቀምሷል።"

"እንግዲያውስ ይግቡ። በአርባ ነው የምነዳው፣ እምላለሁ።"

"መሐላ ክፉ ነው።" ትንሽ አሰቡ። "በሠላሳ አይሆንም?"

በሠላሳ ተስማማን። ፊት ለፊት አጠገቤ ተቀመጡ፣ ቆጣሪው ላይ አይናቸውን ተከሉ፤ ሠላሳ አንድ ባለ ቁጥር ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ። ለካ ቁጥር ያውቃሉ!

ስለዚህ ዛሬ አመሻሽ ከገሳይ እስከ ደብረ ታቦር ከኋላዬ ተሰልፋችሁ ክላክስ ስታንባርቁ፣ ስትሳደቡና እጃችሁን በመስኮት ስታወዛውዙ የነበራችሁ ሁሉ፣ አዎ፣ እኔ ነበርኩ። ይቅርታ። ግን እስቲ ፍረዱኝ፦ አባን አጠገባችሁ አስቀምጣችሁ፣ ከእናንተ ውስጥ ሠላሳ ሁለት ለመንዳት የሚደፍር ማን አለ?